የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ባቡር ወሬ

በዚህ ዕድሜዬ ባቡር የምመዘግብ ሴት መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቀራንዮ ውስጥ ስሜ የጠፋበት ሰው «ያቺ ባቡር የምትቆጥረው» ብሎ ነው የሚጠቁመኝ። መጀመሪያ ላይ ይከነክነኝ ነበር፤ አሁን እሱም ስም ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ሌላው ጡረተኛ የጎረቤቱን እንግዳ ይቆጥራል፣ እኔ ባቡር እቆጥራለሁ። ማን በማን ይስቃል?

ነገሩን የጀመረው ጋሼ ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ያሳደገኝም፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። የሥራ ዘመኑን በሙሉ የጨረሰው በድሮው ምድር ባቡር፣ ለገሃር ጋራዥ ውስጥ፣ ሎኮሞቲቭ ሲጠግን ነው። ማታ ሲመጣ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ቢታጠብም የናፍጣው ሽታ አይለቀውም። ልጅ ሆኜ ያ ሽታ የወንድም ሽታ ይመስለኝ ስለነበር፣ የጓደኞቼ ወንድሞች ለምን እንደማይሸቱ ይገርመኝ ነበር። የሠራተኛ ቁጥሩ ስልሳ አራት ነበር። የተወለደበትን ቀን ብትጠይቁት ያመነታል፤ ስልሳ አራትን ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

አንዳንድ ቅዳሜ ጋራዡ ድረስ ይዞኝ ይሄድ ነበር። በሩ አጠገብ አንድ ትልቅ መዝገብ ነበር፤ ሎኮሞቲቭ በገባችና በወጣች ቁጥር ይጻፍበታል። መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ የመጣችበት፣ ቀጥሎ ቁጥሯ፣ በመጨረሻ ሁኔታዋ። ለሁኔታዋ የሚፈቀዱት ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ፦ «ይሠራል» ወይም «ለጥገና»። አንድ ቀን እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ ያቺ ትልቋ ገባች!» ብዬ ጮህኩ። ሥራውን ትቶ መጥቶ ኩርኩም አቀመሰኝና፣ «ሰዓቱን አስቀድሚ። ሰዓት የሌለው ቁጥር ወሬ ነው» አለኝ። ኩርኩሙ ወዲያው ለቀቀኝ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አድጌ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ኖርኩ። እዚያም ቢሆን በሽተኛ ሲመጣ ከስሙ በፊት የመጣበትን ሰዓት ነበር የምጽፈው። አዳዲስ ሠራተኞች «ሴትዮዋ ከሰዓት ጋር ነው የተጋባችው» እያሉ ያሙኝ ነበር። ይሙኝ። ካርድ ጠፋ ሲባል ግን የሚሮጡት ወደ እኔ ነው።

ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረ ሰሞን ጋሼ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ጦር ኃይሎች ድረስ ሄደን ተሰልፈን ገባን። መስኮት ይዞ ተቀመጠ፤ እስከ አያት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲወርድ ያለው ነገር፣ «ይቺ ባቡር አይደለችም፤ ሐዲድ ላይ የወጣች አውቶቡስ ናት። ጭስ የላትም፣ ፉጨት የላትም፣ ምኗን ባቡር ሆነች?» ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በጠዋት ለብሶ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ወዴት ነው ጋሼ?» ብለው፣ «ወደዚያች አውቶቡስ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን የባቡር ሆነ። እያንዳንዷ ባቡር ግንባሯ ላይ ቁጥር አላት። እሱ ደብተር ገዛ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይናገራል። ብሬኳን ስትይዝ ሰምቶ የትኛዋ እንደሆነች ፊቱን ሳያዞር ይለያት ነበር። ከልደታ እስከ ስታዲየም ድረስ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ፣ አረንጓዴዋም ሰማያዊዋም ተራ በተራ ሲያልፉ እዚያ መቆም ይወድ ነበር። ለገሃር ላይ ስንደርስ ግን ወሬ ያቆማል። አሮጌውን ጣቢያ በመስኮት እስኪያልፍ ያየውና ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔም ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ አላናግረውም ነበር።

ከሁሉም የሚወዳት አሥራ ዘጠኝ ቁጥርን ነበር። ምን ልዩ ነገር እንዳላት ለእኔ አይታየኝም። እሱ እንደሚለው ስትቆም ከታች በኩል ሲጥ የምትል ድምፅ አለቻት። «እንደ እኔ ጉልበቷ ይጮኻል፤ ግን ትሠራለች» ይል ነበር። አሥራ ዘጠኝ በመጣች ቀን የሚቆምላት ባለሥልጣን የመጣ ያህል ነው፤ ኮፍያውን ሁሉ ያስተካክላል። እኔም አፍጥጠው የሚያዩንን ተሳፋሪዎች መልሼ አፈጥጥባቸዋለሁ።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑን ያዘው። ሚስቱ ከሞተች ዓመታት ስላለፉ ወደ ቤቴ አመጣሁትና ፊት ለፊት ባለው ክፍል አስተኛሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አንደበቱ ተመለሰ። እግሩ ግን እንቢ አለ፤ ወይም እሱ እንቢ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ፣ «አባባ፣ እግርዎ አልሞተም። በየቀኑ ደግፈው ቢያቆሙዎት ይመለሳል፤ ተኝተው ከቀሩ ግን ጨርሶ ይተውዎታል» አለችው። እሱ ጣሪያ ጣሪያ እያየ፣ «እግሬ ጡረታ ወጥቷል» አላት። እኔ ስለምነው እሺ ይላል፤ ትራሱን አስተካክሎ ይተኛል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት፣ ምንም የለም።

በሕይወት መቆየቱን የማውቀው ስለ ባቡር ሲጠይቀኝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻዬን ጦር ኃይሎች እየሄድኩ ወሬ አመጣለት ጀመር። ስመለስ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ደብተሩን እገልጣለሁ። «አራት ሰዓት ከአሥር፣ ከአያት፣ ሰባት ቁጥር፣ ይሠራል።» እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ከባቡሩ በኋላ፣ ተሳፍሬ ያየሁት የመንገዱ ወሬ ይቀጥላል፦ ሜክሲኮ ላይ የትኛው ቤት ፈረሰ፣ የእግረኛ መንገዱ እንዴት ሰፋ፣ ኮካ ኮላ አካባቢ አጥሩ ምን ቀለም ተቀባ፣ ለገሃር ላይ ፎቁ ስንተኛ ወለል ደረሰ። «አሮጌው ጣቢያስ ከፎቁ ሥር ይታያል?» ይለኛል። «ይታያል» እለዋለሁ።

በዚህ መካከል ነው ከፈታሿ ጋር የተጣላሁት። ጣቢያው መግቢያ ላይ ቦርሳ የምትፈትሽ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፊቷን መፍታት የማትወድ ሴት ናት። ቆሜ ስጽፍ ለብዙ ቀን አይታኝ ኖሮ አንድ ማክሰኞ መጥታ ደብተሩን ከእጄ ወሰደችው።

«እማማ፣ ምንድነው የሚጽፉት?»

«ባቡር።»

«ባቡርማ ባቡር ነው። ለማን ነው የሚጽፉት?»

«ለወንድሜ።»

«ወንድምዎ የት ነው የሚሠሩት?»

«አልጋ ላይ» አልኳት፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። «ግማሽ ጎኑን ስትሮክ መቶት ተኝቷል። ባቡር ካልሰማ እህል አይበላም። አሁን እሱን ልታስሪው ነው እኔን?»

ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። በፊተኛው ገጽ ላይ ጋሼ እንደ ልጅ የሚስላቸው ባቡሮች ነበሩ። ደብተሩን ዘግታ ሰጠችኝና «እግዜር ይማርልዎ» ብላ ወደ ቦታዋ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ግን ራሷ ጠራችኝ። «እማዬ፣ እርስዎ በሌሉበት ትናንት ሃያ ሁለት መጥታለች» አለችኝ። «ስንት ሰዓት?» አልኳት። ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን እጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፈች ትጠብቀኝ ጀመር።

አሥራ ዘጠኝ የጠፋችው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ሳምንት ሳላያት ቀረሁ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ጋሼ ዝርዝሩን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «አሥራ ዘጠኝስ?» ይለኛል። «አልመጣችም» እለዋለሁ። «ጥገና ገብታ ይሆናላ» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያልን ወር አለፈ፣ ሌላም ወር ተከተለ። ፈታሿም አላየኋትም አለች። አንድ ቀን ጋሼ፣ «እሷም እኔም ጋራዥ ገባን። አሮጌ ዕቃ ጋራዥ ከገባ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል እንጂ አይወጣም፤ እኔ ነኝ የማውቀው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ጀመር። ምሳው እንደቀረበ ይመለሳል። ማታ ማታ ትንፋሹን ተነስቼ አዳምጣለሁ። ወንድሜ እየሄደብኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ፈራሁ። ያሳደገኝ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ማን አለኝ?

አንድ ማክሰኞ ከጦር ኃይሎች ተመልሼ በሩን ስከፍት ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው፤ ምሳው ሳይነካ ቀዝቅዟል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣

«ጋሼ! አሥራ ዘጠኝ መጣች!» አልኩ።

ቀስ ብሎ ዞረ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ዓይኑን ማየት ስላቃተኝ የሻሼን ጫፍ አስተካከልኩ።

«መጣች?»

«መጣች።»

«ሁኔታዋስ?»

«ይሠራል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እስቲ ያን ምሳ አሙቂልኝ» አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ድስቱን እሳት ላይ ጥጄ አለቀስኩ። በሕይወቴ መዝገብ አበላሽቼ አላውቅም። ያም ሆኖ በላልኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት «ቀና አድርጊኝ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ የአልጋውን ራስጌ ይዞ ቆመ፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠ አሥር እስክቆጥር ቆመ። ሐሙስ ሁለት እርምጃ ሄደ። ደስታዬ አፌን ሞልቶት ሳለ እንዲህ አለኝ፦ «ቅዳሜ ጦር ኃይሎች ውሰጂኝ። አሥራ ዘጠኝን ልያት።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። እውነቱን ብነግረው ተመልሶ ሊተኛ ነው፤ ዝም ብል ጣቢያ ድረስ ሄዶ ባዶ ሐዲድ ሊያይ ነው። ደግሞ ወሬው ወጣ። የጎን ጎረቤቶቻችን ጴንጤዎች ናቸው፤ ጋሼ ሊወጣ ነው ሲባል ከቸርቻቸው ዊልቸር ተውሰው አመጡ። እናትየዋ እጇን ጭና ጸለየችለት፤ እሱም ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ አሚን አላት። ሰው ሁሉ እንዲህ ሲደሰት እኔ እንደ ሌባ ዓይኔን እሰብራለሁ።

ዓርብ ዕለት ሰበብ ፈጥሬ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ፤ አሥራ ዘጠኝ የለችም። ፈታሿን ወደ ጥግ ጎትቼ ሁሉንም ነገርኳት።

«ነገ ይዤው እመጣለሁ። ከጠየቀሽ፣ አሥራ ዘጠኝ አሁን ወጣች በይልኝ። አሁን፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት ሄደች በይልኝ።»

«እማዬ፣ እኔ ጌታን ተቀብያለሁ። አልዋሽም።»

«እኔስ አላህን የማልፈራ መሰለሽ? የተቸገረ ሰው ነኝ!»

«ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ። ወንበር ላምጣ? ላምጣልዎ። ልሸከማቸው? እሸከማለሁ። ይሄን ግን አልችልም።»

ተቆጥቼ ጥያት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ቀራንዮ እስክደርስ በልቤ ስሰድባት ነበር፤ ልክ መሆኗን እያወቅኩ።

ቅዳሜ ጋሼ ያቺን ኮፍያውን አደረገ። ኮንትራት ታክሲ ተጠራ፤ የጎረቤታችን ባል ሾፌሩን ረድቶ አስገባው፣ ዊልቸሩን ከኋላ ጫኑ። በቤቴል በኩል ስንወርድ ጋሼ እንደ አዲስ ሰው መንገዱን ያያል። «ይሄ መቼ ተሠራ?» ይላል፤ «ነግሬህ ነበርኮ» እለዋለሁ። «መስማትና ማየት አንድ ነው እንዴ?» ይለኛል። ጦር ኃይሎች ስንደርስ አስፋልቱን ስንሻገር አንድ የማላውቀው ወያላ ታክሲውን ትቶ ሮጦ መጥቶ መኪኖቹን በእጁ አስቆመልን። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ ዱዓ ሳደርግ ግን እሱንም አልረሳውም።

ፈታሿ መግቢያው ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጋሼን ጎንበስ ብላ ጨበጠችው። እሱም ሰላምታውን ሳይጨርስ፣

«ልጄ፣ አሥራ ዘጠኝ መጥታለች?» አላት።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሷ ወደ እኔ አላየችም።

«አባባ፣ እኔ የማውቀው እርስዎ መምጣትዎን ነው» አለችው።

ጋሼ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም። መድረኩ ላይ አደረሰችንና ዊልቸሩን ያዘችልን። «ልነሳ» አለ። በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላ በኩል እሷ ያዝነው። ቆመ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ላቡን ጠረገ። አንዲት ባቡር መጣች፤ አሥራ ሁለት ነበረች። ሌላ ቆይታ መጣች፤ ሰባት። ሁለቱንም ኮፍያውን ነክቶ ተቀበላቸው። ሦስተኛዋን ስንጠብቅ እኔ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። አሥራ ዘጠኝ አልመጣችም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ።» ዓይኑን ከሐዲዱ አላነሳም። «ጫማሽን ሳታወልቂ ገባሽ፣ ደብተር ሳትገልጪ፣ ቁጥሩን አስቀደምሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ሰዓት አስቀድመሽ ኖረሽ ያን ዕለት ቁጥር አስቀደምሽ። ወሬ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ? ለምን መጣህ?»

ደህናውን እጁን አንስቶ፣ በልጅነቴ ኩርኩም ያቀመሰኝን ቦታ በሻሼ ላይ ዳበሰው።

«እህቴን መዝገብ እስክታበላሽ ካስጨነቅኳት፣ መነሳት አለብኝ አልኩ» አለኝ።

ሰው ፊት አለቀስኩ፤ ምን አፈርኩ! ፈታሿ ዞር ብላ ቆማ ነበር፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አሥራ ዘጠኝን እስከ ዛሬ አላየናትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንሄዳለን፤ አሁን ዊልቸሩን ለባለቤቶቹ መልሰን ምርኩዝ ይዟል። ስለ ጎረቤቶቼ፣ ስለዚያ ወያላ፣ አልዋሽልሽም ስላለችኝ ሴት፣ ጠዋት በተነሳሁ ቁጥር አላህን አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ስለዚያች ዕለት።

ያን ቅዳሜ ዕንባዬን ጠርጌ ሳበቃ ጋሼ ወደ ቦርሳዬ ጠቆመ።

«ደብተሩን አውጪ። ጻፊ።»

«ባቡሯ ገና አልደረሰችም።»

«ስለ ባቡር ማን አወራ? ጻፊ። አራት ሰዓት ከሩብ። ከቀራንዮ። ስልሳ አራት ቁጥር።»

እስክሪብቶውን ከፍቼ «ሁኔታውስ?» አልኩት።

እግሩን ቁልቁል አየው፤ ትንሽ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው።

«ጉልበቱ ይጮኻል» አለ። «ግን ‹ይሠራል› በይ።»

ጻፍኩት። ሰዓቱን አስቀድሜ።